የክኒን ቅርጫ

ገንዳ ውሃ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽመክት፣

ሰላምታዬ ከምትጠግነው ጄኔሬተር ጩኸት በላይ እዚያው ሻርጃ ድረስ ይሰማህ። ያያቶቻችን አምላክ እጅህን ከኤሌክትሪክ፣ ደመወዝህን ከደላላ ይጠብቅልህ። እኔ ከቁርጭምጭሚት በላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሻርጃ ለንግድ በምትመላለሰው በዘሀቢያ እጅ የላክኸው ጫማ ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ቆዳ በዚህ ከተማ ከሹማምንት ወንበር በቀር ሌላ ቦታ ታይቶ አያውቅም። ግራ እግሬ ወዲያው ገባበት፤ ካሁኑ ኩራት ጀምሮታል። ቀኝ እግሬ ግን አውራ ጣቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ፣ እንኳን ጫማ ዝንብም አያስጠጋ። ሉሊት ነጠላዋ ቢነካኝ እጮኻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራ እንዲህ ፈርቻት አላውቅም። የግራውን አድርጌ፣ የቀኙን ራስጌዬ አስቀምጬ እያየሁት ነው።

ሪህ ነው አሉኝ። የሀብታም በሽታ ነው አሉ ደግሞ። እንግዲህ ሀብቱ መንገድ ላይ ኬላ ይዞት በሽታው ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ቀልዱን ልተወው። ባለፈው ጥቅምት ሰሊጡ ሲደርስ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ጌታውን አይጠብቅም፤ በደረሰ በሳምንቱ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ባለቤቱ ማሳው ላይ ካልቆመ ማን ለማን ይቸኩላል? ግማሹን መሬት በላው። በመጪው ጥቅምትም ተኝቼ ከተገኘሁ፣ ማሳውን ከጎንደር ለመጣ ኢንቨስተር አከራይቼ በገዛ መሬቴ ላይ ዘበኛ መሆኔ ነው።

አንተም ይኸው በሽታ ይዞህ ነበር አሉ፤ ዛሬ ግን መሰላል ትወጣለህ አሉ። ያንተ አያትና የኔ አያት ወንድምና እህት ናቸው፤ አጥንታችን አንድ ነው። አንተን ያዳነ እኔን የማያድንበት ምን ምክንያት አለው? መድኃኒቱን ላክልኝ።

ግራ እግሬ እጅ ይነሳል። ቀኙ ሲሻለው ለብቻው ያመሰግናል።

ወንድምህ አለልኝ

---

ሻርጃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አለልኝ፣

ቸሩ አምላክ እርስዎን፣ እትዬ ሉሊትንና ማሳዎን በአንድ ጥላ ሥር ያውላችሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለግራ እግርዎ የተሰማኝን ደስታ፣ ለቀኝ እግርዎ የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ስለ ጫማው አያመስግኑኝ። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት በመተማ በኩል ሱዳን ስሻገር የጎማ ጫማዬ ተበጥሶ ባዶ እግሬን ደጅዎ ስቆም፣ አስገብተው አብልተው፣ ከመሐመድ ሱቅ ጫማ የገዙልኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ በዚያ ጫማ ነው። የኔ ገና አጸፋ ነው።

ወደ በሽታው ልምጣ። እዚህ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መስታወት ስባሪ ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። መድኃኒቱ አሎፑሪኖል ይባላል፤ ያ ነገር በብዛት እንዳይመረት ያደርጋል። በየቀኑ አንድ ክኒን፣ ከምግብ በኋላ። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። ለስድስት ወር የሚበቃዎት መቶ ሰማንያ ክኒን ልኬያለሁ።

የዘሀቢያ ሻንጣ ነጠላ ግራም በማይለቅ ሚዛን ስለሚመዘን፣ ካርቶኑንና ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥቼ ክኒኑን ብቻ በማር ዕቃ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ማሩን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሲመችዎ ደምዎን ይመርመሩ።

በጥቅምት ሁለቱንም ጫማ አድርገው ማሳዎ ላይ እንደሚቆሙ አልጠራጠርም።

ታናሽዎ ሽመክት

---

ገንዳ ውሃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽመክት፣ ለሪህ ድል አድራጊው፣

የላክኸው በሚያዝያ አምስት ቀን ከነማር ሽታው ደረሰ። ዘርህ እንደ ሰሊጥ ይብዛ፤ አፉን ግን ያለጊዜው አይክፈት። እዚህ በየጸሎቱ ስምህ ይነሳል፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም። ለምን በመስጊድም እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ጸሎት በዝቶበት የተጎዳ ሰው የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ መድኃኒቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጣቴ ከበፊቱ ይልቅ ተቆጣ። በሽታው ጠላቱን ሲያይ ነው የፎከረው ብለን ተጽናናን። ተስፋም አልቆረጥንም።

አንዲት ትንሽ ጉዳይ አለች። ክኒኑ ሊያልቅ ነው። ቢቻል በሚቀጥለው ሦስት መቶ አድርገው። አራት መቶ ብትለውም ዘሀቢያ ትችላለች፤ ጠንካራ ሴት ናት።

ከዚህ ሌላ አገር ሰላም ነው። ሙቀቱ አርባ ሁለት ገብቷል። የትራክተሬ ሹፌር ምናለ፣ ታስታውሰው እንደሆነ የዋሲላ ልጅ፣ ገላውን ሙቀት መትቶት ሽፍ ብሎበታል፤ ሲያክ ይውላል። ማረሻው ተስሏል፣ ዘሩ ተበጥሯል። የሚቀረው ዝናቡና እግሬ ነው።

ወንድምህ አለልኝ

---

ሻርጃ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አለልኝ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ይህን ምርቃት ዛሬ ከወትሮው አጥብቄ ነው የምጽፈው።

እኔ የሂሳብ ሰው አይደለሁም፤ የጄኔሬተር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በቀን አንድ የሚዋጥ መቶ ሰማንያ ክኒን በሠላሳ ሦስት ቀን "ሊያልቅ ነው" ከተባለ፣ ሦስት ነገር ብቻ ታየኝ። ወይ እንደ ቆሎ እየቆረጠሙት ነው፤ እንዲያ ከሆነ እባክዎን ሐኪም ጋ ሮጠው ይሂዱ፤ በአንድ እግርም ቢሆን። ወይ አይጥ ገብታበታለች፤ እንዲያ ከሆነ በአገሩ ሪህ የሌለባት አይጥ እሷ ብቻ ናት። ሦስተኛውን አልጽፈውም። ጫማ የገዛልኝ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ አይወጣም።

ዘሀቢያን ጠየቅኋት። "እኔ ተሸካሚ እንጂ ሰላይ አይደለሁም" አለችኝ። ይህን ስትል ግን ሳቀች፤ ሳቋንም በሻሽዋ ሸፈነችው። ደብዳቤዎቻችንን መንገድ ላይ እንደምታነባቸውም ይወቁ። ባለፈው የጻፉትን እኔ ሳልከፍተው ነው በቃሏ የነገረችኝ።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ምንም አልልክም። ቅር አይበልዎት። የፈራሁት ለክኒኑ አይደለም።

ታናሽዎ ሽመክት

---

ገንዳ ውሃ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽመክት፣

ዛሬ ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ መጀመሪያ መናዘዝ አለብኝ።

ክኒኑን አልሸጥኩም። ቅርጫ ገባንበት።

ያ የማር ዕቃ የገባ ቀን መሐመድ ሱቅ በረንዳ ላይ አራት አንካሶች ተቀምጠን ነበር። እኔ፣ የዘሀቢያ ባል መሐመድ፣ የወፍጮ ቤቱ ጋሽ ቢሆነኝ፣ የኔው ምናለ። አራታችንም ሪህ። አሁን ፍረድ፦ ባገራችን በሬ አርዶ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየው፣ ብቻውን የበላ ሰው ታውቃለህ? እኔ ያንን ዕቃ ታቅፌ ብቻዬን ልዋጥ? ስለዚህ እንደ ደንቡ ተካፈልን። አርባ አምስት፣ አርባ አምስት፣ አራት መደብ። ለዕጣው እኔ የሰሊጥ አገዳ ሰጠሁ፤ መሐመድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጋሽ ቢሆነኝ ባቄላ፣ ምናለ የብሎን ራስ። ዘሀቢያ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየችና ዞራ ዕጣውን ጣለች።

"የኔ መደብ ያነሰ ይመስላል" አሉ ጋሽ ቢሆነኝ።

ተቆጠረ። አርባ አምስት።

"እንግዲያው ዓይኔ ነው። የዓይን መድኃኒትስ አልላከም?"

መሐመድ ሳቀ። "ወላሂ ከናንተ ጋር ቅርጫ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።" እውነቱን ነው። ሥጋ ሲሆን በባራኪው እንለያያለን፤ የናንተ፣ የኛ እንላለን። ክኒን ግን ማንም አላረደውም። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከመሐመድ ጋር ከአንድ መደብ ስካፈል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን አልደብቅህም።

በወሩ መሐመድ መደርደሪያ ላይ እየተንጠላጠለ ዕቃ ማውረድ ጀመረ። ጋሽ ቢሆነኝ እንደ ነበሩ ናቸው። እኔ ባሰብኝ። መደቡ እኩል፣ ክኒኑ አንድ መልክ፣ ታዲያ ለምን እሱ ብቻ? ጋሽ ቢሆነኝ ብድግ አሉ፤ "ዕጣ የጣለችው ማን ናት? ሚስቱ! ደህና ደህናውን ለባሏ አደረሰችለት!" ዘሀቢያ "ከዚህ በኋላ የናንተን ቁርጥማት ኤርፖርት ላይ ጥዬው እመጣለሁ" ብላ ተቆጣች። ምን አደረግን መሰለህ? የቀረውን ክኒን ሰብስበን፣ ቀላቅለን፣ ዕጣውን ደገምን። ሳቅ፤ ይገባናል።

ምናለ ያን ጊዜ ድርሻውን ተቀብሎ ገላውን ያክ ነበር። አለመከራከሩን ጨዋነት አልነው። ሽፍታው ሙቀት ነው አለ፤ ሁላችንም እየነደድን ስለነበር አመንነው። ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ግን ከንፈሩ ቆስሎ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ትኩሳቱ እንደ ትራክተር ጭስ ማውጫ እየፋጀ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ሲስተር ሃይማኖት ገና እንዳየችው "ምን ዋጥክ?" አለችው።

"ድርሻዬን" አላት።

ወንድሜ፣ ያቺን ቃል ስሰማ የጣቴን ሕመም ረሳሁት። ሙቀት አልነበረም። ክኒኑ ነበር ሥጋውን ያቃጠለው። የማር ዕቃውን አሳየኋት። "ወረቀቱስ?" አለች። ወረቀት የለም። በዚያው ሰዓት መኪና አስነሥታ ጎንደር ሰደደችው። አሥራ ሰባት ቀን ተኛ። እናቱ ዋሲላ በሐኪም ቤቱ ደጅ ቁጭ ብላ ሳገኛት ዓይኗን ቀና አድርጋ "ጋሼ፣ አንተም እኮ ውጠሃል፤ አንተን ምነው ተወህ?" አለችኝ። እንድትሰድበኝ ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ግን ጠየቀችኝ።

ተርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሞቹም ይመስገኑ። ቆዳው ተቀርፎ እንደ ሕፃን ገላ አዲስ እየሆነ ነው።

ሲስተር ሃይማኖት እኛን ሦስታችንን አሰልፋ የልጅ ልጆቿ ይመስል ገሠጸችን። "በሬ የተካፈላችሁ መሰላችሁ? ለአንዱ ደም አንዷ ትበቃዋለች። ሌላው ሦስት ውጦም ገና ነው። ኩላሊት አለ፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ የተወለዱበት ደም አለ። አንዱ ደግሞ አንዲቷም አትስማማውም። ይህን ምርመራ እንጂ ዕጣ አያወጣውም።" መጀመሪያ ላይ ሕመሙ እንደሚነሣ፣ ስለተነሣም መድኃኒቱ እንደማይቋረጥ የነገረችኝ እሷ ናት። አሁን ደሜን ጎንደር ልካ፣ ከሐኪሙ ጋር ተማክራ እንደገና ከአንድ አስጀምራኛለች። በየወሩ እያየች ትጨምራለች።

ዝናቡ ጥሏል። ትራክተሩ ቆሟል። ሹፌሩ ገና አላገገመም፤ ባለቤቱ ፍሬን ሊረግጥ አይችልም። እስከ ጥቅምት ያለውን ሳምንት ስቆጥር ጣቶቼ አይበቁኝም፤ የእግሬን ልጨምር ስል ደግሞ አንዱ ያመኛል።

ክኒን አትላክ። የሰጠኸኝን አክብጄ በሰው ላይ ጣልኩት። የሰው ሕይወት ያተረፈልን አምላክ አንተንም በሰው አገር ያትርፍህ። ምርቃቴ ይኸው ነው።

ወንድምህ አለልኝ

---

ሻርጃ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አለልኝ፣

ሁለት ወር ዝም አልኩ። ዘሀቢያ ሁለት ጊዜ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ "ደብዳቤ ከሌለ ምን አነባለሁ?" ብላ ተቆጥታኛለች። የምጽፈው አጥቼ አይደለም። የምጽፈውን አውቄው ነው።

ያ ወረቀት እኔ ጋ ነው። ከካርቶኑ አውጥቼ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ "ቆዳ ሽፍ ካለ ወዲያውኑ አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ" ይላል። በዓረብኛም በእንግሊዝኛም ይላል። አራት ግራም ነው የሚመዝነው፤ በሱቅ ሚዛን አስመዘንኩት። አራት ግራም ልቆጥብ ብዬ ነው።

ሌላም አለ። "በየቀኑ አንድ፤ እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው" ብዬዎት ነበር። አንድ አልነበረም። በአንድ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ተነሣብኝ። በንዴት ክኒኑን መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። ሐኪሙ ሰድቦ መልሶ አስጀመረኝ፤ ሁለት አደረገው፣ ከዚያ ሦስት። መሰላል የወጣሁት በስምንተኛው ወር ነው። የዳነ ሰው መንገዱን አሳጥሮ ያወራል፤ እኔም ደፋር ለመባል አሳጠርኩት። እርስዎ ጣትዎ ሲቆጣ "ታዲያ ለምን እሱ ብቻ?" ያሉት በኔ ውሸት ነው።

ወረቀቱን በዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሲስተር ሃይማኖት በአማርኛ አስተርጉማ ግድግዳ ላይ ትለጥፈው። ለምናለ ቆዳውን የማይቧጥጥ የጥጥ ሸሚዝ ልኬያለሁ። ለእናቱ የምልከው አጣሁ። ለአንድ ልጅ ሕይወት የሚላክ ምን አለ? ስሟን በጸሎቴ ይዣለሁ ይበሉልኝ።

እርስዎን ደግሞ በጥቅምት ቆመው ማየት እመኛለሁ። ባይቆሙም ግን ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ከእንግዲህ ሁለታችንም እንዳናሳጥር።

ታናሽዎ ሽመክት

---

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽመክት፣

ሳላሳጥር እጽፍልሃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምናለ። ሸሚዙን ለብሶ ትራክተር ላይ ነው። ያ ክኒን ዳግመኛ እንዳይነካው በወረቀት ተጽፎለት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ጎንደር ያለው ሐኪም ሌላ ዓይነት እያሰበለት ነው። እናቱን ዋሲላን ያልከውን ነገርኳት። "ይህን ያህል ያስብልኛል?" አለችና የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ፤ በዘሀቢያ እጅ ይደርስሃል። ከጎደለ ዘሀቢያ ቀምሳዋለች ማለት ነው።

ዘሩን የዘራው መሐመድ ነው። አዎ፣ ባለሱቁ። "እኔን ያዳነኝ ያንተ መደብ ነው፤ ብድሬን ልክፈል" ብሎ ሱቁን ለልጁ ለሪሐና አስረክቦ ትራክተር ላይ ወጣ። ምናለ ጃንጥላ ይዞ ከጎኑ ተቀምጦ "ቀኝ! ኧረ ቀኝ! መሐመድ፣ ሚዛን አይደለም የምትይዘው፣ መሪ ነው!" እያለ አሳረሰው። ከጉብታው ላይ ሲታይ ማሳዬ አንደኛ ክፍል የጽሕፈት ልምምድ ይመስል ነበር። ሰሊጡ ግን ጠማማ መስመር ላይም በቀለ፤ ለመስመሩ ግድ የለውም።

አሁን የደሙን ነገር ስማ። መሐመድ እስከ ዛሬ አንድ ነው የሚውጠው፤ በቅቶታል። ጋሽ ቢሆነኝ ለደም ግፊት የሚወስዱት የሽንት መድኃኒት ሪሁን ይቀሰቅስ ኖሯል። እሱ ተቀየረ፤ ኩላሊታቸው የደከመ ስለሆነ አንድ ተኩል ላይ ቆሙ። እኔ ሦስት ነኝ፤ እንዳንተው። ያ ዩሪክ አሲድ ያልከው ነገር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት የነበረው አምስት ነጥብ ስድስት ሆኗል፤ ከስድስት በታች ነው የሚፈለገው አሉ። ጋሽ ቢሆነኝ ግን አሁንም አልዋጠላቸውም።

"አንተ ሦስት፣ እኔ አንድ ተኩል? ይሄ ፍርድ ነው?"

"ፍርድ አይደለም ጋሼ፣ ደም ነው" አለቻቸው ሃይማኖት።

"ደሜም ቢሆን ከሱ ደም አያንስም።"

እንግዲህ ጥቅምት። ሰሊጡ ቢጫ ሲሆን፣ የታችኛው ፍሬ ሊፈነዳ ሲል፣ አጫጆቹን ይዤ ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ቆምኩ፤ በሰው ትከሻም አልተደገፍኩም። በስድስተኛው ቀን ጣቴ ትንሽ ጠዘጠዘኝ፤ "አይሆንም፣ ሦስት ውጫለሁ" አልኩት፤ ዝም አለ። ነዶው ቆሞ ደረቀ። ሲራገፍ ያ ድምፅ፣ ሸራ ላይ ዝናብ እንደ ጣለ ያለው፣ አምና ያልሰማሁት ድምፅ ዘንድሮ ጆሮዬ ደረሰ። ከጎንደር የመጣው ኢንቨስተር በመኪና መጥቶ ማሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሬን አየ፤ "እንኳን አደረሰዎ" ብሎ ተመለሰ።

አጨዳው ሲያልቅ ለሠራተኛው በሬ ጣልን። ቅርጫው በደንቡ ተደረገ፤ ዕጣውም ተጣለ። እኛ አራታችን ግን ሃይማኖት አጥብቃ ስላዘዘች ሽሮ ይዘን ዳር ተቀመጥን፣ የሰው ጥርስ እያየን። መሐመድ "ይኸው፣ የናንተም የኛም ያልሆነ ምግብ ተገኘ" አለ። በአንድ ሳሕን በላን።

ያ ወረቀት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል፤ ያልቆጠረውን ዘሀቢያ ታነብለታለች። አንተ የቆጠብካት አራት ግራም ናት። እኔ የደበቅኩት የአራት ሰው ቅርጫ ነው። የማን ይከብዳል ብለን አንመዝን፤ ለዚህ ደግሞ ዕጣ አንጥልም። ስላለፈው አመሰግንሃለሁ፤ ይቅርም በለኝ፤ ሁለቱንም ባንድ አፍ።

ጫማህን አድርጌያለሁ። ሁለቱንም። የግራው በስምንት ወር ቀድሞ ስለወጣ ተረከዙ ተበልቷል፤ የቀኙ ገና ከሳጥን እንደ ወጣ ነው። ከአንድ ቆዳ ተቆርጠው፣ አንድ ቀን ተሰፍተው፣ እንዲህ ተለያዩ። ጫማ ሰፊው "ላስተካክልልህ" አለኝ። ተወው አልኩት። ስቆም ወደ ግራ ትንሽ ዘመም እላለሁ።

ግን ቆሜያለሁ።

ወንድምህ አለልኝ